ስድስተኛዋ ጳጉሜ

አድማጮቼ፣ ዛሬ ዓርብ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ልጄ የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። በሩን ልዘጋ ስል አንድ እጇን ለቀቅ አድርጋ ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። የሚሞላት በየትኛው ቀን እንደሆነ ግን ቤታችን እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የተወለደችው ዓምና ጳጉሜ 6 ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ወጥቶ ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ ሲል ነው። 2015 የሉቃስ ዘመን ነበር። ዘንድሮ ግን ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ናት፤ ከአምስት ቀጥሎ መስከረም 1 ይብታል። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የልጄን ቀን ብትፈልጉ አታገኟትም።

ባለቤቴ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ጳጉሜ 5 ድፍን 365 ቀን ይሆናታል፣ ስለዚህ ልደቷ ማክሰኞ ነው አለ። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቱ ደግሞ በፈረንጆቹ የተወለደችው ሴፕቴምበር 11 ስለሆነ ልደቷ ረቡዕ፣ በእንቁጣጣሽ ነው ትላለች፤ ቀሚሷንም ለዚያ ቀን ብላ ልካለች። እማዬን ጠየቅኳት። “የሉቃስ ልጅ ናት፤ ሉቃስ ሲመለስ ቀኗም ይመለሳል። ብቻ እሷን ያሳድግልሽ” አለችኝና ወደ ቡናዋ ዞረች።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ስለዚያች ቀን ነው።

ዓምና በዚህ ሰሞን ሆዴ ገፍቶ፣ እግሬ አብጦ፣ ቀኑ ደርሶ ነበር። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ቅዱስ ሩፋኤልን ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ ትጠራዋለች፤ ማኅፀን የሚፈታ መልአክ ነውና። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ እኛም በልጅነታችን ራቁታችንን እየወጣን እንጠመቅበት ነበር። እማዬ ከማለዳ ጀምሮ ደጅ ላይ ሳፋ ዘርግታ ጠበቀች። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ከሳፋው በእፍኟ እየጨለፈች ሆዴን አሸችኝ። ውኃው ይቀዘቅዝ ነበር። ልጄ ውስጤ ስትገላበጥ ሁለታችንም አየናት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ምጡ መጣ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የተገላገልኩት። የማዋለጃው ክፍል መስኮት ገርበብ ብሎ ነበርና የችቦ ጭስ ሽታ ይገባ ነበር፤ ሰፈሩ ችቦ እየለኮሰ አሮጌውን ዓመት ይሸኛል። ከመንገዱ ማዶ ልጆች ይዘፍናሉ። አዋላጇ ልጄን ደረቴ ላይ አስቀምጣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አለችኝ፤ ቀጥላም፣ “አንድ ሌሊት ብትታገሥ እኮ የእንቁጣጣሽ ልጅ ነበረች” አለች። አልታገሠችም። እኔ ግን ያን ሰዓት የቱም ቀን ይሁን ግድ አልነበረኝም። ሙቀቷን ነው የማስታውሰው፤ ከገዛ ሰውነቴ ወጥታ ከእኔ ይልቅ ትሞቅ ነበር።

ሕፃን ቤት ሲገባ ቆጠራ ይበዛል። ለአባትየው ሕጉ የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው፤ አንዷ የእንቁጣጣሽ ዕለት ሆነችበትና ዓርብ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ሥራ ገባ። የክትባት ካርዷ የሚቆጥረው በሳምንት ነበር፤ ስድስት፣ አሥር፣ አሥራ አራት። እማዬ የምትቆጥረው ሰማንያውን ነው፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና። በጣቷ እየቆጠረች ኅዳር 19 ላይ አረፈች። ገብርኤል! ከደስታዋ ብዛት እልልታዋን ጎረቤት ሰማው። የክርስትና ስሟም ወለተ ገብርኤል ሆነ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ድግሳችን ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ድፎ ዳቦ ነበር። ዛሬም ድረስ ከዚያ የጣመ ድግስ በላሁ ብዬ አላስብም።

ከሰማንያው በኋላ አሥር ቀን ብቻ ነበረኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለወላድ ሴት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ይሰጣል። ሐኪሞቹ ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ አይቅመስ ይላሉ። ዘጠና ቀን ሦስት ወር ነው። የቀሩትን ሦስት ወራት እያንዳንዷ እናት በራሷ መላ ትሻገራቸዋለች። አንዳንዷ መጸዳጃ ቤት ቆማ ወተቷን ታልባለች። አንዳንዷ ጡቷ እስኪደርቅ በዝምታ ታለቅሳለች። ይህን የምለው ሴቶቹ ስለነገሩኝ ነው፤ ብዙዎቹ ይህን ፕሮግራም የሚሰሙ ናቸው።

የእኔ ባልደረቦች ደጎች ነበሩ። አሁን የማናግራችሁ ከዚህች መቅረጫ ክፍል ነው፤ ግድግዳዋ ድምፅ አያስወጣም አያስገባም፣ በሯም ከውስጥ ይቆለፋል። በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ለሃያ ደቂቃ ለእኔ ይለቋት ነበር። እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጬ አልቤ፣ በጠርሙስ አድርጌ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሰው ምሳ ጎን አስቀምጥ ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን የመስክ ቅጂ እያዳመጥኩ ነበር፤ ስለ ገበያ የተሠራ ነው። ከጫጫታው መሐል የማላውቀው ሕፃን አለቀሰ። ወዲያው ወተቴ ፈሰሰ፤ ሸሚዜ እስኪርስ። የገዛ ልጄ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ እማዬ ጀርባ ላይ ታዝላ ተኝታለች። የሰው ልጅ አልቅሶ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር መለሰለት። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

መሥሪያ ቤት የምታስተዳድሩ፣ ሱቅም ይሁን ፋብሪካ ያላችሁ አድማጮቼ፣ ከወሊድ የተመለሰች ሴት ካለቻችሁ የሚቆለፍ አንድ በር ፈልጉላት። የዕቃ ማስቀመጫም ቢሆን ይበቃታል። ሃያ ደቂቃ ነው የምትፈልገው።

በስድስት ወሯ ምግብ በአጥሚት ጀመረች፤ የመጀመሪያውን ማንኪያ እማዬ ሹራብ ላይ ተፋችው። ሰኔ ሲገባ በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባቷን ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። ዳዴ አለች። የጠረጴዛ ልብስ ጎትታ የስኳሩን ዕቃ በላይዋ ገለበጠች። “አባ” አለች፤ ከዚያም “እማ” አለች፤ እማ ያለችው ግን አያቷን ነው። ይህን ስሰማ ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ስሙን የሰጠችው ሁሌም ለምታገኛት ነው።

ዘንድሮ በቡሄ የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ ግቢያችን ገቡ። ዱላቸው መሬቱን ሲመታ ልጄ ሶፋውን ይዛ ቆማ በመስኮት ታይ ነበር አሉ። ጭፈራው ሲደምቅ ልታጨበጭብ ሁለት እጇን ለቀቀች፤ ሳታውቀው ብቻዋን ቆመች። እማዬ “ወፌ ቆመች!” ብላ ጮኸች፤ ልጆቹም ጭፈራቸውን አቋርጠው አብረዋት “ወፌ ቆመች!” አሉ። እኔ አልነበርኩም። እዚህ ከእናንተ ጋር ነበርኩ። ከፕሮግራሙ በኋላ እማዬ ስልክ ደውላ ነገረችኝ፤ ከኋላዋ የዱላው ድምፅ ገና ይሰማል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የልጄን መቆም በጆሮዬ አየሁት።

ከዚህ ሁሉ እሷ አንዱንም አታስታውሰውም። የሩፋኤልን ዝናብ፣ የችቦውን ሽታ፣ ጾም ላይ የወደቀውን ክርስትናዋን፣ የሆያ ሆዬውን ምሽት። የመጀመሪያው ዓመት እንደ ስድስተኛዋ ጳጉሜ ነው፤ ኖሮ አልፏል፣ ባለቤቱ ግን መለስ ብሎ ቢፈልገው አያገኘውም። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ገዝቻለሁ። ያየሁትን በሰማያዊ፣ ከእማዬ የሰማሁትን በቀይ እስክርቢቶ እጽፋለሁ። ቀዩ ይበዛል። አድጋ ስታነበው ማን እንዳሳደጋት ከቀለሙ ታውቃለች።

ከነገ ወዲያ እሑድ ሩፋኤል ነው። ከዘነበ ዘንድሮ ሳፋ አንዘረጋም፤ ደጅ ይዣት እወጣለሁ። ማክሰኞ ማታ ችቦ ሲለኮስ እማዬ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፤ አባቷ የቆጠረው ቀን ነው። በማግስቱ ጠዋት ከሜሪላንድ የመጣውን ቀሚስ እናለብሳታለን፤ የአክስቷም ቀን ነው። ሁለቱንም እናከብራለን።

የእማዬ ቀን፣ ጳጉሜ 6፣ የምትመጣው በ2019 ነው። ያን ዕለት ልጄ አራት ዓመት ይሞላታል።