ከሐዲዱ ሥር ያለው አስፋልት



አዘጋጆቹ «አሥር ደቂቃ አለህ፣ ስለ ሥራህ ንገረን» አሉኝ። ሥራዬ ሐዲድ ነው፤ የማወራው ግን ስለ አስፋልት ነው።

እዚህ ስንማር አስፋልት የመኪና መንገድ፣ ጠጠር ደግሞ የባቡር ነበር፤ አለቀ። አሜሪካ ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ባቡርና መኪና የሚተላለፉበት ማቋረጫ ሰጡኝ። ሐዲዱ ይሰምጣል። ጠጠር አስጨምሬ አስነሳሁት፤ ዓመት ሳይሞላው ሰመጠ። ደግሜ አስጨመርኩ። በሦስተኛው አንድ አንጋፋ የጥገና ፎርማን ጠጠሩን በአካፋ ገለጥ አደረገና «ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው» አለኝ። ባቡር ባለፈ ቁጥር እርጥቡ አፈር በጠጠሩ መሃል ወደ ላይ ይተፋል። እኔ ከላይ ስጨምር ችግሩ ከታች ነበር። ሁለት ጊዜ የሰው ገንዘብ ጭቃ ውስጥ ቀብሬያለሁ።

በመጨረሻ ሐዲዱን አንስተን፣ ጭቃውን ጠርገን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ትኩስ አስፋልት አንጥፈን ጠቀጠቅነው፤ ንጹሕ ጠጠር በላዩ ላይ አደረግን። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጄሪ ሮዝ ለዓመታት ያጠኑት ዘዴ ነው። ጣሊያኖች በፈጣን ባቡር መስመሮቻቸው 12 ሳንቲ ሜትር ያነጥፋሉ፤ ጃፓኖችም ይጠቀሙበታል።

ድብልቁ ከመኪና መንገዱ ይለያል። ሬንጁ በዛ ይላል፣ የአየር ክፍተቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ይህንኑ መኪና መንገድ ላይ ብታነጥፉት በሙቀት ይለሰልስና ጎማ ይሰረጉደዋል። ከጠጠር ሥር ግን ፀሐይ አያገኘውም፤ ቶሎ አያረጅም። ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም፣ የባቡሩንም ክብደት በሰፊው ያከፋፍላል። ግን ልብ በሉ፣ ውሃው መውጫ ቦይ ካላገኘ አስፋልቱ ብቻውን አያድናችሁም። ይህንንም በስህተት ነው የተማርኩት፤ እሱ ለሻይ ሰዓት ይቆየን።

ለምን እዚህ አነሳሁት? የአዲስ አበባን ዙሪያ ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለእንዲህ ያለው አፈር ዋናው ነገር እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። ታዲያ አስፋልቱ በዚህ አፈር ላይ ምን ያህል ይረዳል? በግምት መመለስ አልፈልግም፤ በግምት ስሠራ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

መምህራኖቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የመንገድና የባቡር ተማሪዎችን አንድ ላይ አድርጉልኝና ሁለት የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠሩ። ጥቁር አፈር ላይ አጭር የሙከራ ቁራጭ፣ ግማሹ በአስፋልት፣ ግማሹ በጠጠር ብቻ። እርጥበቱ ከክረምት በፊትና በኋላ ይለካ። የሬንጁንና የሮለሩን ወጪ እኔ እችላለሁ። ፈቃደኛ የሆነ መምህር ካለ፣ እስከ ማክሰኞ እዚሁ ነኝ።