የጣና ደንገል ውቅያኖስን ስለ መሻገሩ

(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር)



የበዓሉ አሰናጆች በዚህ ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ ስለ ምን ልናገር እያልሁ ብዙ አሰብሁ። የደብሩን ታሪክ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አባቶች አሉ፤ እነርሱም በሚገባ ተናግረውታል። ስለዚህ እኔ ለመንዝ ሰው እንግዳ የሚመስል ነገር መረጥሁ። ይኸውም አንዲት የደንገል ታንኳ ታላቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ለመሻገር እንዴት እንደ ተሰናዳች ነው። ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው፤ እኛ የምናውቀው በክረምት የሚሞላውን የወንጪትንና የጀማን ውሃ ነው፤ ቆላ ወርዶ ወንዙ ሞልቶ ቢያገኘው፣ ማዶ ያለውን ዘመዱን በጩኸት ብቻ ተሰናብቶ የተመለሰ ሰው በመካከላችን አይታጣም። ነገር ግን የነገሩ ሥር ገመድ ስለ ሆነ፣ የጓሳ ገመድ ሲገምድ ላደገ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

አባቶች እንደሚያውቁት ደንገል በቅዱስ መጽሐፍ የታወቀ ተክል ነው። ሙሴ በሕፃንነቱ የተቀመጠባት ሣጥን የደንገል ነበረች፤ ነቢዩ ኢሳይያስም በ18ኛው ምዕራፍ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ሆና መልእክተኞችን በደንገል ታንኳ ስለምትልክ አገር ይናገራል። ይህ ታንኳ በግብፅ ምድር ከጥንት መቃብሮች ሥዕል በቀር ጠፍቶ ሲቀር፣ በጣና ሐይቅ ግን እስከ ዘመናችን ድረስ ኖረ። የወይጦ ሰዎች ደንገሉን ያጭዱና በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከዚያ በኋላ በነዶ በነዶ አድርገው በገመድ እያጠበቁ ያስሩታል፤ አፍንጫውንም ወደ ላይ ያቀኑታል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የሚጭነው፣ መነኮሳቱንም ከደሴት ወደ ደሴት የሚያሻግረው ይኸው ነው። ታንኳው ውሃ ይጠጣልና፣ ባለቤቱ ከተሻገረ በኋላ ወደ የብስ አውጥቶ ያንጠፈጥፈዋል፤ እንዲህም እየተደረገለት ዕድሜው በወራት የሚቈጠር ነው።

እንግዲህ ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበረ። እርሱም በ1939 ዓ.ም. ኮን ቲኪ በምትባል የግንድ ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ 101 ቀን የተጓዘው ነው። ይህ ሰው የግብፅን ሥዕሎች አይቶ፣ በደንገል ታንኳ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ መሻገር ይቻል እንደ ሆነ ሊፈትን አሰበ። ደንገል በባሕር ላይ ከ2 ሳምንት በኋላ በስብሶ ይሰጥማል የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። እርሱ ግን ወደ ጣና መጥቶ የሐይቁን ታንኳ ተመለከተ፤ ደንገሉንም ከዚያው አሳጨደ። 12 ቶን የሚሆን የደረቀ ደንገል ከጣና ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ፣ በመርከብ ወደ ግብፅ ተጫነ፤ ታንኳይቱም በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ በአሸዋ ላይ ተሠራች። ርዝመቷ 15 ሜትር ነበረ፤ ስሟም በግብፆች የፀሐይ አምላክ ስም ራ ተባለ።

ይሁን እንጂ እኔን ሁልጊዜ የሚቈጨኝ አንድ ነገር አለ። ደንገሉ የእኛ ሆኖ ሳለ፣ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከተሳፋሪዎቹም መካከል አንድ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። የወይጦን እጅ የሚያህል እጅ በቅርብ ሳለ ስለ ምን ሩቅ ተሄደ ብዬ እጠይቃለሁ። ሄየርዳል አስቀድሞ የቻዶቹን ሥራ አይቶ ስለ ወደደው እነርሱን መረጠ፤ ምርጫውም የእርሱ ነበረ።

ተሳፋሪዎቹ 7 ነበሩ፤ ከኖርዌይ፣ ከአሜሪካ፣ ከሶቭየት ኅብረት፣ ከጣሊያን፣ ከሜክሲኮ፣ ከግብፅና ከቻድ የተውጣጡ ናቸው። መንግሥቶቻቸው በጊዜው እርስ በርሳቸው በክፉ ዓይን ይተያዩ ነበር፤ እነርሱ ግን በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ ከቅርጫት ሥራ በተሠራች ጠባብ ጎጆ አብረው ያድሩ ዘንድ ታጩ። ሄየርዳል ይህን ያደረገው አውቆ ነው፤ የታንኳይቱን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የሰዎቹንም መቻቻል ሊፈትን ፈልጎ ነበርና። መርከብ በመንዳት የሠለጠነው አሜሪካዊው ኖርማን ቤከር ብቻ ነበረ። ዩሪ ሴንኬቪች የሶቭየት ሐኪም ነበረ። የቻዱ ሰው አብዱላ ጅብሪን ደንገል ማሰር እንጂ ባሕርን አያውቅም ነበር፤ ውሃውም ጨው መሆኑን ባየ ጊዜ ተደነቀ።

ስንቃቸውም እንደ ጥንቱ ሆነ። ውሃውን በእንስራና በፍየል አቍማዳ ያዙ፤ በጥንት ግብፆች አሠራር የተጋገረ ደረቅ እንጀራ፣ የደረቀ ዓሣ፣ ማር፣ ተምርም በማሰሮ ተሰናዳ። ዘማች ስንቁን በሶና ድርቆሽ አድርጎ በአቍማዳ የሚሸከምበት አገር ልጆች ነንና፣ ይህ ክፍል ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ታንኳይቱ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣች። ገና ከመነሻው መምሪያ የሆኑት ታላላቅ መቅዘፊያዎች ተሰበሩ። ይህ ግን ይጠገናል። የማይጠገነው ጥፋት ከመነሣታቸው በፊት በየብስ ላይ የተሠራው ነበረ፤ እርሱንም ጥቂት ላብራራው።

በግብፅ ሥዕሎች ላይ የታንኳው ኋላ ወደ ላይ ተቈልምሞ፣ ከጫፉ ላይ አንድ ገመድ ወርዶ ከወለሉ ጋር ታስሮ ይታያል። የቻድ ታንኳ ኋላው እንዲህ አይቈለመምም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ቍልመማውን የሠሩት በሄየርዳል ልመና ነው። ገመዱም ቍልመማውን ለመያዝ ብቻ የተደረገ መስሏቸው፣ ቍልመማው ደርቆ በራሱ ሲቆም ጊዜ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብለው አስወገዱት። በባሕር ላይ ግን ገመዱ ሌላ ሥራ እንደ ነበረው ታወቀ፤ ኋላውን እንደ ቀስት አውታር ወጥሮ የሚደግፈው እርሱ ነበረ። እርሱ በሌለበት ኋላው ቀስ በቀስ ተንጋደደ፤ ማዕበሉም ከበስተኋላ እየገባ ይመታቸው ጀመር። ነፋስ በሚመታው በቀኙ ጎን ደግሞ ገመዶቹ ተፈትገው ተበጠሱ፤ ነዶውም እየተፈታ ሄደ። ደንገሉ ግን፣ ይህን ልብ በሉ፣ አልበሰበሰም፤ አልሰጠመም። ወደ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ በሐምሌ ወር ከባርባዶስ ደሴት ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ሄየርዳል የሰዎቹን ነፍስ ከክብሩ አስበልጦ ታንኳይቱን ትቶ ወደ ሌላ መርከብ አስገባቸው። ከተሳፋሪዎቹ አንድም አልጠፋም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። አያቴ የጎጆውን ክዳን በጓሳ ሲከድን፣ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ምሰሶው ላልቶ የሚወርድ አንድ ገመድ አሰረ። እኔም ሥራ የሌለው መስሎኝ ለጥጃ ማሰሪያ ቈርጬ ወሰድሁት። በነሐሴ የመንዝ ነፋስ በተነሣ ሌሊት የጣሪያው አንድ ወገን ተገልብጦ አደረ፤ እኔም በማግሥቱ የአያቴን አርጩሜ ቀመስሁ። አያቴ ገመዱ ለምን እንደ ታሰረ አስቀድሞ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የቻድ ሠሪዎችም ገመዱን በአገራቸው አይተውት አያውቁም ነበርና አልፈርድባቸውም፤ ሥዕሉን የሣሉት ግብፆችም ለምንነቱን አልጻፉልንም።

ሄየርዳል ግን ዓመት ሳይሞላው እንደ ገና ጀመረ። ደንገሉን አሁንም ከኢትዮጵያ አስመጣ፤ ሠሪዎቹን ግን በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ ካሉ የአይማራ ሰዎች 4 መረጠ። እነርሱ በሐይቃቸው ላይ ጫፉ ከፊትም ከኋላም የተቃና ታንኳ የሚሠሩ ናቸው። ትንንሽ ነዶዎችን ለየብቻ ከማያያዝ ይልቅ፣ ሁለት ታላላቅ ጥቅሎች ሠርተው፣ ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ጥቅል አግብተው፣ በረጅም ገመድ እየጠመጠሙ አንድ አካል አደረጓቸው። የቀረውም ገመድ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህች ሁለተኛይቱ ራ 12 ሜትር ብቻ ነበረች፤ ተሳፋሪዎቹ ግን 8 ሆኑ። አብዱላ በዚህ ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ጃፓናዊና አንድ ሞሮኳዊ ተጨመሩ።

ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሡ። በመንገዳቸውም ከየብስ እጅግ ርቀው ሳሉ በውሃው ላይ ጥቍር የነዳጅ ዘይት እብጠት ተንሳፎ ያዩ ነበርና፣ ይህን ለተባበሩት መንግሥታት አስታወቁ። ሰው ባሕርን ያህል ነገር ማቈሸሹ ያን ጊዜ ለብዙዎች አዲስ ወሬ ነበረ። ደንገሉ የበቀለበት ጣናም ቢሆን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እንቦጭ በሚባል መጤ አረም መወረሩን ሁላችንም ሰምተናል።

ሄየርዳል ከዚህ ጉዞ በኋላ የጥንት ግብፆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል ለሚለው አሳብ ብዙ ሰው ማስረጃ ያገኘ መስሎት ነበር። እኔ እንዲህ አልልም። መሄድ እንደሚቻል መታየቱና ሰው ሄዶ መገኘቱ ሁለት ነገር ነው፤ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንትም አልተቀበሉትም። የጣና ደንገል ግን የተባለለትን ሐሜት አስተባብሏል። 57 ቀን ተጉዞ፣ 6100 ኪሎ ሜትር ያህል ቈርጦ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ በቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል፣ ባርባዶስ ብሪጅታውን ገባ። ዓሣ አጥማጁ የሚከበርበት፣ መርከቡም የተሰበረበት ሐዋርያ የሚታሰብበት ቀን ነው። ታንኳይቱ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ በኮን ቲኪ ቤተ መዘክር ተቀምጣለች፤ ከጣና ዳር የታጨደው ደንገልም በዚያ ቀዝቃዛ አገር ከነገመዱ ደርቆ ይታያል።