ዝም ያለውን ቁስለኛ ቶሎ እንየው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መጀመሪያ ርዳታ እንድናገር ማኅበሩ ሲጠይቀኝ፥ አጥንት ስለ ማሰርና ቁስል ስለ መጠቅለል ይነግረናል ብላችሁ የመጣችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ለዓይን ስለማይታይ ደም ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ የኳስ ጨዋታ ላይ አንድ ጓደኛችን ግራ ጎኑን በጉልበት ተመታ። ደም አልፈሰሰም፤ አጥንትም አልተሰበረም። ተነሥቶ እየሣቀ ከሜዳው ዳር ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ውሃ ለመነ፤ እኔው ራሴ አጠጣሁት። አዛጋ፤ «ሲያጠና አድሮ ነው» ብለን ቀለድንበት። ግንባሩ በላብ ራሰ፤ «ሮጦ ነው» አልን። ከሮጠ ግማሽ ሰዓት እንዳለፈው ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ሐኪም ቤት የደረሰው ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ለካ ጣፊያው ተቀዶ ወደ ሆዱ ውስጥ ይደማ ኖሯል። በቀዶ ሕክምና ተረፈ። እኛ ግን ምልክቱን ሁሉ እያየን አላወቅነውም።

ሐኪሞች ይህን ሾክ ይሉታል። «ድንጋጤ» እየተባለ ስለሚተረጐም፥ ብዙ ሰው «አይዞህ» ሲሉት የሚለቅ የፍርሃት ጉዳይ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ሾክ ማለት ደም ለአንጎል፥ ለልብና ለኩላሊት በሚበቃ መጠን ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ብዙ ደም መፍሰስ፥ ከባድ ቃጠሎ፥ ብርቱ ተቅማጥ፥ የልብ ሕመም፥ ኃይለኛ አለርጂ ያመጡታል።

በአንድ ጐልማሳ ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ። ጤነኛ ወጣት ከዚህ ጥቂት ቢጐድልበት፥ ልቡ በመፍጠን፥ የቆዳው ደም ሥሮችም በመጥበብ ጉድለቱን ይሸፍኑለታል። የደም ግፊቱ በግልጥ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 30 እጅ ያህሉ ከጐደለ በኋላ ነው። ስለዚህ «እየተናገረ ነውና ደኅና ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ምን እንይ?

አንደኛ፥ ቆዳውን። በእጃችሁ ጀርባ ግንባሩን ዳስሱ፤ ቀዝቅዞ በላብ የራሰ እንደ ሆነ ተጠራጠሩ። በጠይም ፊት ላይ መገርጣት ቶሎ አይነበብምና ድዱን፥ የከንፈሩንና የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጥ ገልጣችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፥ የደም ሥሩን ትርታ። በአውራ ጣቱ በኩል አንጓው ላይ ሁለት ጣት አሳርፉ። ያረፈ ሰው ትርታው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ከዚያ በላይ ፈጥኖ ደክሞም ከተገኘ አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፥ ጥፍሩን። 5 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ብርድም ሊያዘገየው ስለሚችል ይህን ብቻውን አትመኑት።

አራተኛ፥ አተነፋፈሱንና ጠባዩን። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፥ ጥማት፥ ማቅለሽለሽ፥ ማዛጋት፥ መቁነጥነጥና መዘባረቅ የሾክ ምልክቶች ናቸው። ሁሉንም በየ5 ደቂቃው ደግማችሁ እዩ፥ ጻፉትም፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል።

ምልክቱን ያየ ሰው ሐኪም እስኪደርስ ምን ያድርግ? የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይጫን። ሕመምተኛውን በጀርባው ያስተኛው፤ ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ ግን በጎኑ ያጋድመው። በጋቢ ይሸፍነው። አምቡላንስ ይጥራ፤ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ከብቦ የሚያፍነውንም ሰው ያርቅ።

የሚከብደን ውሃ መከልከሉ ነው። ባገራችን የተጠማን ማጠጣት ጽድቅ፥ መንፈግ ነውር ነው። ነገር ግን የቆሰለ ሰው ምናልባት ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል፤ የጠጣው ውሃ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከንፈሩን አርጥቡለት እንጂ አታጠጡት።

ጓደኞቼ፥ የሚጮኸው ቁስለኛ ረዳት አያጣም። የሚረሳው ዝም ብሎ ጥግ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ አሁን ከመበተናችን በፊት፥ መምህራንም ጭምር፥ በአጠገባችሁ ያለውን ሰው እጅ ያዙ። ትርታውን እስክታገኙ ፈልጉ፤ 30 ሰከንድ ቍጠሩና በሁለት አባዙ። ደኅና ሰው ላይ ያልተለማመደ ጣት በጭንቅ ቀን አያገኘውም።