የአየር መንገዱን ሂሳብ ማን ይጠይቅ?
(ልደታ ውስጥ ለሰፈሩ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ ጀመረ። ዛሬስ? ቶጎ ላይ በ2002 ሥራ የጀመረው አስካይ ሸሪኩ ነው። በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በ2014 ዳግም በተነሳው የዛምቢያ አየር መንገድ ደግሞ 45 በመቶ ድርሻ ገዛ። ዘዴው ምንድነው? አፍሪካን በሙሉ ከአዲስ አበባ ብቻ ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ በየአካባቢው ጎጆ ይቀልሳል፤ መንገደኛውን እዚያው ይሰበስባል።

ሀሳቡ ሸጋ ነው። ግን አውሮፕላን ሀብትም ነው፣ ዕዳም ነው። ኬንያ ኤርዌይስ በብድር አዳዲስ አውሮፕላን ገዛ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ በአንድ ዓመት ብቻ 26 ቢሊዮን ሽልንግ ከሰረ። የደቡብ አፍሪካውም የመንግሥት ድጎማ ሲጠባ ኖሮ በ2012 ከነዕዳው ወደቀ።

የኛው በዚያው ዓመት ኮሮና ሲመጣ ምን አደረገ? የመንገደኛ ወንበር ነቅሎ ዕቃ ጫነ፤ መንግሥትን አድነኝ ሳይል ተሻገረ። ይኼ ሊመሰገን ይገባል!

ነገር ግን ምስጋና ሌላ፣ ሂሳብ ሌላ። ድርጅቱ በ2014 በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ገብቷል፤ ባለቤቱ ግን ያው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ አስካይ ስንት አተረፈ? ማላዊ ስንት በላ? ዛምቢያስ? የአውሮፕላኑ ዕዳ መቼ ያልቃል? በጥቅሉ "አተረፍን" መባሉ አይበቃም፤ ለየብቻው ይነገረን።

"ሙያ በልብ ነው" ይባላል። እውነት ነው። የሕዝብ ሂሳብ ግን በልብ አይያዝም!