ደንገልና ወረቀት
(ለማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ለምንሸጠው የደንገል ቅርጫት በእንግሊዝኛ የተጻፈ መለያ ስናሠራ «ፓፒረስ» ተብሎ መጣልን። አንዷ እህታችን አየችና «‹ፔፐር› ለማለት ተሳስተው ነው፤ የእኛ ቅርጫት መቼ የወረቀት ሆነ?» አለች። ሳቅን። ለካስ ሁለቱ የአንድ ቃል ልጆች ናቸው።

ግሪኮች ደንገልን «ፓፒሮስ» ይሉት ነበር። ሮማውያን በላቲን «ፓፒሩስ» አሉት፤ በፈረንሳይኛ «ፓፒዬ» ሆነ፤ በዚያው በኩል እንግሊዝኛ ገብቶ «ፔፐር» ተባለ። የጥንት ግብፃውያን አገዳውን ልጠው፣ ውስጡን በስሱ ሰንጥቀው፣ አንዱን ረድፍ በቁም ሌላውን በአግድም ደርበው፣ ተጭነው ያደርቁትና ይጽፉበት ነበር። ደንገል ለለመደች እጅ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ኋላ ቻይኖች ከዛፍ ልጥና ከአሮጌ ጨርቅ መሥራት የጀመሩት ወረቀት አውሮፓ ሲደርስ ተክሉ ቀረ፤ ስሙ ግን ወደ አዲሱ ዕቃ ተሻገረ። «ባይብል» የሚለውም ግሪኮች ለዚሁ ተክል ከነበራቸው ሌላ ስም፣ ከ«ቢብሎስ» የወጣ ነው። የእኛው «ወረቀት» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ «ቅጠል» ማለት ነው።

ግብፅ የሚደርሰው ዓባይ ከእኛው ጣና ይወጣል፤ ደንገሉም ያው ደንገል ነው። እኛ ግን ታንኳና ቅርጫት ሠራንበት እንጂ አልጻፍንበትም። የገዳሞቻችን መጻሕፍት የብራና ናቸው። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማትገባ የዚያን መጻሕፍት በወሬ ነው የምናውቃቸው።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ደንገሉ እየራቀን ስለሆነ ነው። የሐይቁ ዳር ታረሰ፤ ከብት ገባበት፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ተጨመረበት። በዚህ ሙያ ከጥንት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ እናቶች ከደጃቸው ያጭዱት የነበረውን፣ ዛሬ አንዲት ሸክም ለማግኘት ግማሽ ቀን እንሄዳለን።

ደጋፊዎቻችን፣ እስከ ዛሬ የለመንናችሁ ለመሸጫ ቦታ ነበር። ዘንድሮ የምንለምናችሁ ለደንገል መትከያና ለአጥር ነው። እህቶቻችንም ስናጭድ ሥሩን አንንቀል፤ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣልና።

የመለያው ነገር ተወስኗል፤ ከላይ በፊደላችን «ደንገል»፣ ከሥሩ «ፓፒረስ» ተብሎ ይታተማል።