የተግባር ሕክምናና የሕዝብ ጤና ጥበቃ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የተነሣሁት ስሙ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ አንድ የሕክምና ዘርፍ ነው። ፈረንጆች ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይሉታል፤ እኛ የተግባር ሕክምና ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ሐኪሙ ቁስሉን ካደረቀ፥ አጥንቱንም ከጠገነ በኋላ፥ በሽተኛው ልብሱን በራሱ እንዲለብስ፥ እንጀራውን ቈርሶ እንዲጎርስ፥ ብዕሩን ጨብጦ እንዲጽፍ፥ ባጭሩ ወደ ዕለት ተግባሩ እንዲመለስ የሚያለማምድ ሙያ ነው። ባለሙያዎቹ በአሜሪካ ማኅበር ያቋቋሙት በ1917 ዓ.ም. ሲሆን፥ የዓለሙ ማኅበር ደግሞ በ1952 ተመሠረተ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ዐይቼ ከማውቀው ልጀምር። ወሎ ሰፈር ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ አንድ አንጋፋ የመዝገብ ቤት ሹም ነበሩን። አንድ ቀን ጧት ደም ግፊት ድንገት ጣላቸውና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ወራት ታከሙ፤ ባለሙያዎችም በትዕግሥት አለማምደዋቸው ቍልፍ መቈለፍ፥ ፊርማም መፈረም ቻሉ። ወደ ሥራቸው በተመለሱበት ቀን ሁላችንም ደስ ብሎን በር ላይ ጠበቅናቸው። ነገር ግን ከሕንፃው መግቢያ ፊት ስድስት ደረጃዎች አሉ፤ መደገፊያ የላቸውም። ሹሙ ግድግዳውን ተደግፈው ጥቂት ቆሙ፥ ወደ ላይም ተመለከቱ። እኛ ደግፈን አወጣናቸው። በማግሥቱም እንዲሁ አደረግን። በሦስተኛው ቀን አልመጡም።

እጃቸው ታክሞ ነበር፤ ደረጃውን ግን ያከመው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነርስ አስጠርተን ደም ግፊታችንን ብንለካ፥ ከመካከላችን ሦስቱ ሕመሙ እያለብን ሳናውቀው ስንኖር ተገኘን። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ የሕዝብ ጤና ጥበቃ የሚባለው ዕውቀት ከዚህ ላይ ይገባል። የአልጋው ሐኪም «ይህ ሰው ምን ነካው?» ሲል ይጠይቃል፤ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ግን «ብዙ ሰዎችን የሚነካቸው ምንድር ነው? ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይቀድሙታል?» ሲል ይጠይቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። በ2015 በአገራችን በተደረገው ጥናት ከመቶ ዐዋቂዎች ዐሥራ ስድስት ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። ስለዚህ የተግባር ሕክምና ባለሙያ የደከመውን እጅ ብቻ እያለማመደ ቢቀመጥ፥ ከኋላው የሚመጣው ሰልፍ አያልቅለትም።

ሁለቱ ጥበቦች ተጋብተው የሠሩበት ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ በዚሁ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ይገኛል። በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ሲያክምና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ይህ በሽታ ነርቭን ስለሚያደነዝዝ፥ ሕመምተኛው የፈላ ጀበና ሲያነሣ እጁ ሲቃጠል አይሰማውም፤ እሾህ ሲወጋው አያውቅም። ጣትን የሚያስቈርጠውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሳይሰማ የሚደርስ ቁስል ነው። ስለዚህ በዚህ ሕክምና ሕመምተኛው ጀበናውን በወፍራም ጨርቅ እንዲይዝ፥ የመሣሪያው እጀታም ወፍራምና ልስልስ እንዲሆን ይደረጋል፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማም ይሰጠዋል፤ እግሩን በየቀኑ በውሃ ዘፍዝፎ፥ ቅባት ቀብቶ፥ በዓይኑ እንዲመረምር ይማራል። ይህ ለአንዱ ሰው የሚሰጥ የተግባር ሕክምና ነው። ከዚሁ ጋር በሽታው ገና ነርቭ ሳይጎዳ እንዲታወቅ፥ መድኃኒቱም በየአውራጃው እንዲዳረስ፥ ሕመምተኞቹም በየቀበሌያቸው ተሰብስበው እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ማድረግ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሥራ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነበር።

ለዚህ ጋብቻ የሚሆን መሠረት አገራችን አላት። የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት የጤና መኰንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ በአንድነት ወደ ሕዝቡ እንዲሄዱ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። በዚያው ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ዓመታት ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል፤ ከ2009 ወዲህም በከተማ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወሩ ነርሶች ተጨምረዋል።

ታዲያ እነዚህ እኅቶች የቤቱን በር ሲያንኳኩ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት እንደሚጠይቁ ሁሉ፥ «ከዚህ ቤት መልበስ፥ መታጠብ ወይም መውጣት ያቃተው ሰው አለን?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። የተግባር ሕክምና ባለሙያውም በበኩሉ ከሆስፒታሉ ክፍል ወጥቶ ደረጃውን፥ መጸዳጃ ቤቱን፥ የጸሐፊዎቹንም ወንበር ቢመረምር፥ አንድ ሰዓት ሠርቶ ለመቶ ሰው ይተርፋል። የባለሙያው ቍጥር ጥቂት በሆነበት አገር ይህ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ያስፈልጋል።

እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ አድማጮቼ፥ ይህን የሐኪሞች ጉዳይ ብላችሁ አትተዉት። በ2008 የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ቦታ እንዲያመቻች ያዛል፤ በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ሕግ ግን በመዝገብ ላይ ቢቀመጥ ደረጃ አይወጣም። የግዢ ወረቀት የሚፈርመው፥ የሕንፃ ኪራይ ውል የሚያዘጋጀው፥ የጥገና በጀት የሚይዘው ከእናንተ አንዱ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት «መግቢያው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። በዓመት አንድ ቀን ነርስ ጠርቶ የሠራተኛውን ደም ግፊት ማስለካትም ብዙ አያስወጣም። ጨው በቀን ከአምስት ግራም እንዳይበልጥ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህም በየቤታችን እጅ ያለ ነገር ነው።

ሹማችን ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሱ። ሠራተኛው ገንዘብ አዋጥቶ የብረት መደገፊያ አስገጠመ፤ መዝገብ ቤቱም ወደ ምድር ቤት ወረደ። ጡረታ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ፥ በቀስታም ቢሆን፥ በገዛ እጃቸው ሲፈርሙ ኖረዋል። ያ መደገፊያ ዛሬም አለ። እርጉዞችም፥ ሽማግሌዎችም፥ ዝናብ በጣለ ቀን እኔም ራሴ እይዘዋለሁ።