ስለሚያስፈሩ ፊልሞች፣ ይልቁንም ስለ ጅቡና ስለ ቀጥቃጩ
(በለቡ ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ «የቅርብ ጊዜ አስፈሪና ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች» የሚል ነው። የፊልም ሊቅ አይደለሁም፤ ሌሊት ሌሊት ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጬ የማድር ተመልካች ነኝና የምናገረውም እንደ ተመልካች ነው። ነገር ግን ርእሱን የተቀበልኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከመካከላችን ጥቂት ጓደኞች ዘንድሮ አንድ አጭር አስፈሪ ፊልም ለመሥራት አስበዋል፤ ታሪኩም ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ እየዋለ ሌሊት ጅብ ሆኖ መንደሩን ስለሚያስጨንቅ ቡዳ ነው። ሐሳቡን ስሰማ በአንድ በኩል ደስ አለኝ፣ በሌላ በኩል ከፋኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለቱም ነው። የማነሣቸው የፊልሞች ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ደስታዬን ላስቀድም። ከውጭ የሚመጣልን ፍርሃት ብዙውን ጊዜ ልካችን አይደለም፤ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ይመስላል። «ዘ ኤክሶርሲስት» የተባለውን የ1973 ፊልም እንውሰድ። አንዲት ልጅ የእርሷ ባልሆነ ድምፅ ትጮኻለች፣ ትራገማለች፤ በመጨረሻም ካህናት መጥተው ጸሎት እየደገሙ የተባረከ ውሃ ይረጩባታል። ለአሜሪካ ተመልካች ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ከእኛ ብዙዎቻችን ግን በሕፃንነታችን አያቶቻችን እጃችንን ይዘው ጠበል ቦታ ወስደውናል፤ ሰው ሲጮኽ፣ ሲያጓራ፣ ስሙን ተጠይቆ «አልናገርም» ሲል ሰምተናል፤ ከዚያም ዳቦአችንን ቆርሰን በልተን ወደ ቤታችን ተመልሰናል። ፊልሙን አብሮኝ ያየ ጓደኛዬ ከሁሉ ያስገረመው የቤተሰቡ መዘግየት ነበር። «መጀመሪያውኑ ጠበል ቢወስዷት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን ይመጣ ነበር?» አለኝ። እኔን ያስፈራኝ ሆስፒታሉ ነው፤ ልጅቷ በሚያጓራ መሣሪያ ሥር ተጋድማ መርፌ አንገቷ ላይ ሲገባ፣ ሐኪሞቹም ምንም አጥተው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ።

«ሲነርስ» የተባለውን የራያን ኩግለርን የ2025 ፊልም እጅግ ወድጄዋለሁ፤ በ1932 በሚሲሲፒ የሚገኙ ጥቁሮች አንዲት ሌሊት የሚዘፍኑበትና የሚጨፍሩበት ቤት ሲከፍቱ ደም መጣጮች ይመጡባቸዋል። ነገር ግን ደም መጣጩ የቤቱ ሰው «ግባ» ካላለው በቀር መግባት አይችልም፤ የፊልሙም ጭንቀት ግማሹ በደጃፉ ላይ ነው። የእኛ አገር ሰው ግን የመጣው ማን እንደ ሆነ ሳያይ «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» ባይ ነው። ያ ደም መጣጭ ወደዚህ ቢመጣ ኖሮ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ባልጠበቀ ነበር።

ስለ «ኮንጁሪንግ» ተከታታዮች ብዙ አልናገርም። የ2013ቱ የመጀመሪያው ክፍል ደኅና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን በር መደርገምና ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ሆኗል። ይህ ድንጋጤ እንጂ ፍርሃት አይደለም። ድንጋጤ ፊኛ ሲፈነዳም ይገኛል፤ ፍርሃት ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ መብራት አጥፍተን ስንተኛ የሚመጣው ነው።

ፍርሃትን ማምጣት የቻሉት ደግሞ ብዙዎቹ ነገሩን ደብቀው ነው። በ1942 ዣክ ቱርነር የተባለ ዳይሬክተር «ካት ፒፕል» የሚል ፊልም በትንሽ ገንዘብ ሠራ፤ ነገሩ ስሜቷ ሲነሣሣ ወደ ግሥላ እለወጣለሁ ብላ ስለምትፈራ ሴት ነው። በዚያ ፊልም አንዲት ሌላ ሴት በሌሊት ብቻዋን ስትሄድ የምንሰማው ኮቴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ኮቴው ይቆማል። እኔም ወንበሬን ጨበጥኩ። ስቲቨን ስፒልበርግም በ1975 «ጆስ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ሰው ሠራሹ ዓሣ እየተበላሸ ስላስቸገረው ዓሣውን ብዙ ሳያሳይ ውሃውን አሳየን፤ ዓሣው በደንብ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ይህን ያህል ባላስፈራም ነበር።

እንግዲህ እኛ ለቡ ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ ያስፈልገናልን? ሌሊት መኪናው ጋብ ሲል፣ መብራትም የጠፋ እንደ ሆነ፣ በፉሪ በኩል የጅብ ድምፅ ይሰማል። በማግሥቱ ፈተና ያለበት ተማሪ እንኳ ደብተሩን አስቀምጦ ያዳምጣል። ከመካከላችን ጅቡን ያየው ስንቱ ነው? ጥቂት። የፈራውስ? አትጠይቁኝ። ስለዚህ ጓደኞቻችን ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ባለው ጨለማ መንገድ ድምፁን ብቻ ቀድተው ቢያሰሙን ከማናቸውም የውጭ ጭራቅ ይበልጥ ያስፈሩናል። ጅቡን አታሳዩን፤ ወጪውም ይቀንስላችኋል።

አሁን ወደ ከፋኝ ነገር ልምጣ። ድራኩላን አይተን ስንወጣ ድራኩላ የሆነ ጎረቤት የለንም፤ ፍርሃታችን የሚያርፍበት ሰው አጥቶ ይበተናል። ቡዳ ግን እንዲህ አይደለም። በአገራችን ቡዳ ተብለው የኖሩት ስማቸውና ቤታቸው የሚታወቅ ሰዎች ናቸው፤ ማረሻውንና ቢላዋውን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ምጣዱንና እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ በጎንደር አካባቢም ቤተ እስራኤል። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው በእነርሱ ላይ ነበር፤ ጋብቻ የሚከለከሉትም፣ ማዕድ ላይ ዓይናቸው የሚፈራውም እነርሱ ነበሩ። ያረሰው ሁሉ በእጃቸው ሥራ አርሶ፣ የጋገረችው ሁሉ በምጣዳቸው ጋግራ፣ ሲመሽ ግን «ጅብ ይሆናሉ» ተባሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም አልሞተም፤ በዚህ ግቢ እንኳ በቀልድ ሲነገር እሰማለሁ፤ ቀልዱም የማያስቀው ተማሪ በመካከላችን ሊኖር እንደሚችል የሚያስብ የለም።

በታሰበው ታሪክ መሠረት በፊልሙ መጨረሻ ቀጥቃጩ በእርግጥ ጅብ ሆኖ ይገኛል፤ መንደሩም ይገድለዋል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ በሙዚቃ የታጀበ ሐሜት አይደለምን? «ፊልም ነው እንጂ እውነት አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ጭብጨባው እውነት ነው።

ታዲያ ታሪኩ ይጣል ማለቴ አይደለም፤ ካሜራው የቆመበት ቦታ ይለወጥ ማለቴ ነው። ጆርዳን ፒል በ2017 «ጌት አውት» በተባለው ፊልሙ ያደረገው ይህን ነው። ጥቁር ወጣት የነጭ ጓደኛውን ቤተሰብ ሊጎበኝ ይሄዳል፤ ሁሉም ፈገግ ይሉለታል፣ ሁሉም ያመሰግኑታል፤ እናትየዋም የሻይ ስኒዋን በማንኪያ እያማሰለች ታነጋግረዋለች። የዚያን ማንኪያ ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም። ሲኒማ ቤት የገባው ሰው ሁሉ፣ ነጩም ጭምር፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ወጣት ዓይን ለማየት ተገደደ። «ሂዝ ሃውስ» የተባለው የ2020 ፊልምም ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ ባልና ሚስትን ያሳያል፤ በተሰጣቸው ቤት ግድግዳ ውስጥ መንፈስ አለ፤ ቢሸሹ ግን የጥገኝነት ጥያቄያቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። ከመንፈሱ ይበልጥ ያስፈራኝ የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ የሚቀርበው ግን የማቲ ዲዮፕ «አትላንቲክስ» ነው፤ በ2019 በካን ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት ያገኘ። በዳካር ከተማ ፎቅ ሲሠሩ ደመወዛቸውን የተከለከሉ ወጣቶች በጀልባ ወደ ስፔን ሲሄዱ ባሕር ይበላቸዋል። ሌሊት ነፍሳቸው በሰፈሩ ልጃገረዶች ላይ እየወረደ ባለ ፎቁ ቤት ይሄዳሉ፤ የሚጠይቁትም ደሙን አይደለም፣ ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ነው። ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ ዛርን ሳያስታውስ ይቀራልን? የእኛ ዛር በሴቲቱ አፍ ልብስና ጌጥ ይጠይቃል፤ አንድ ቀን የቀን ሠራተኛ ዛር መጥቶ ሒሳብ ቢጠይቅ በዚህ በለቡ የስንቱ ሕንፃ ባለቤት እንቅልፍ እንደሚያጣ አስባችሁ ታውቃላችሁን?

የራሳችንም ምሳሌ አለን። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» በ2019 ሲወጣ ሽጉጥና የመኪና ሩጫ የለመደ ሰው «ይህ ልብ አንጠልጣይ አይደለም» ብሎኝ ነበር። አልስማማም። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ አገር አቋርጠው ከመሄድ የበለጠ ምን ጭንቀት አለ? ሲበሉም፣ ሲተኙም፣ ሲጸዳዱም ጠላትህ አጠገብህ ነው። ይህን የፈጠረው የፊልም ደራሲ አይደለም፤ የአባቶቻችን የፍርድ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ፊልሙ በቀጥቃጩ ቤት ውስጥ ይጀመር። ምሽት ነው፤ ወናፉ ቆሟል፤ ሚስቱ ልጇን ታስተኛለች። ጅቡ ይጮኻል፤ እነርሱም እንደ ማናችንም ይፈሩታል። በዚያው ሌሊት በመንደሩ አንድ ልጅ ታሟል፤ ቤተሰቡ የማይሰማውን እኛ እንሰማለን፣ ሰዎች ከቤት ቤት ሲጠራሩ። ከዚያ በኋላ ኮቴ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ። ኮቴው ደጃፉ ላይ ይቆማል። ትናንት ማረሻ ያሠራ ሰው ድምፅ በስሙ ይጠራዋል። ካሜራው ከበሩ ውጪ ፈጽሞ አይውጣ።

ይህን ባለፈው ሳምንት ለአንደኛው ደራሲ ነግሬው «እንግዲያስ ጅቡ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደራሲዎቹ ሦስቱም እዚሁ ከፊት ተቀምጠዋልና፣ ክቡር ሊቀ መንበር ከፈቀዱ፣ መልሳቸውን እንድንሰማ ቦታውን ለእነርሱ እለቃለሁ።